አምስት ሊትር በደቂቃ

ሲንቄ ያን ቀን ከትምህርት ቤት እስከ ቤቷ አንዴም ሳታርፍ ሮጠች። ኧረ ሩጫ ብቻ! ገበያውን ሰንጥቃ፣ የአንዲት ሴትዮ የቲማቲም መደብ ልትገለብጥ ለጥቂት ተርፋ፣ «አንቺ ዕብድ!» እየተባለች፣ እየሳቀች፣ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ቀስራ ነው የሮጠችው። እጇን ለምን እንደቀሰረች ታውቃላችሁ? የበሬ ልብ ነክታበት ነበራ! ሳትታጠበው ለእህቷ ልታሳያት ነው።

«ድንቄ!» በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። «ድንቄ፣ ልብ ውስጥ ጣቴን ከተትኩ!»

«የማንን ልብ?» አለች ድንቅቱ አልጋዋ ላይ ተደግፋ። «የዚያን የተሬፋን ከሆነ ድሮም ክፍት ነው።»

ተሬፋ ከሲንቄ ኋላ የሚቀመጥ የአስረኛ ክፍል ልጅ ነው። ሲንቄ ቀላች። ግን ያን ቀን ስለ ተሬፋ የምታወራበት ጊዜ አልነበራትም።

ድንቅቱ ሃያ ዓመቷ ነው፣ ሲንቄ አስራ ስድስት። ድንቅቱ ማለት በመዘምራኑ መሀል ድምጿ ለብቻው የሚታወቅ፣ መንገድ ላይ ሰው የሚያቆም ልጅ ነበረች። ነበረች ነው እንግዲህ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን አመማት፣ ከዚያ ጉልበቷንና ክርኗን እያፈራረቀ የሚያሳብጥ ትኩሳት ያዛት፣ ተሻላት ተባለ፣ ተረሳ። ትኩሳቱ ግን እሷን አልረሳትም። አስራ ሰባት ሲሞላት ዳገት ላይ ማለክለክ ጀመረች። ቆይቶ ሜዳውም ዳገት ሆነባት። ቆይቶ ደግሞ መዝሙሩን ከመሀል እያቋረጠች ደረቷን መያዝ መጣ። የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ጋሽ ብዙነህ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ አዳመጠና «ከልቧ በሮች አንዱ ጠቧል» አለ። በቃ፣ በር ጠበበ ተባለና ቤቱ ሁሉ ጠበበ።

ከዚያ በሰባ ዘጠኝ ኅዳር ላይ ደብዳቤ መጣ! ከአዲስ አበባ! በጥር የልብ ሐኪሞች ከውጭ ይመጣሉ፣ በራቸው ከጠበበባቸው ወጣቶች ስድስቱን መርጠው ይከፍቱላቸዋል። እንዴት መሰላችሁ የሚከፍቱት? በጣታቸው! ደረትን ከፍተው፣ ጣታቸውን ልብ ውስጥ አስገብተው፣ የተጣበቀውን በር ላቀቅ! ድንቅቱ ጥር አስራ ስምንት ቀርባ እንድትታይ ነው የተጠራችው። ደብዳቤው «ለሀገረ ሕይወት ጤና ጣቢያ» ይላል፣ በመንግሥት ወረቀት የአምቦ ስም እሱ ነው።

«ሀገረ ሕይወት?» አለች ድንቅቱ ገልብጣ እያየችው። «እኛ የምናውቀው አምቦን ነው። የሌላ አገር ሰው ደብዳቤ ወስደንበት እንዳይሆን።»

ጋሽ ብዙነህ አልሳቀም። ሲንቄን ለብቻዋ ጠርቶ ሦስት ነገር አዘዛት። ድንቅቱ ጠዋት ጠዋት የምታሸናዋን ኪኒን ትውጣለች። ጨው የሚባል አንዲት ፍሬ አትቀምስም። አርብ አርብ ሚዛን ላይ ትወጣለች።

«ሰውነቷ ውሃ ይዞ ከሄደች አይቀበሏትም። ደርቃ መድረስ አለባት። እናትሽ ቢሮ ናት፣ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው፣ ጓዲት ሲንቄ።»

ጓዲት ሲንቄ! ክንፍ አወጣች። እናታቸው ቦጋለች በእርሻ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ናት፣ አባታቸው ሌታ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ስለዚህ ቤቱን ቀን ቀን የምትመራው ሲንቄ ናት። እናትየዋም ቀላል ሰው አይደለችም። በዚያው ቀን ቤት ውስጥ ያለውን ጨው በሙሉ ቋጥራ ቢሮ ወሰደችና የታይፑ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። «ከእንግዲህ ሁላችንም እንደሷ ነን» አለች። ሦስቱም አልጫ መብላት ጀመሩ።

እና ያን የሩጫ ቀን ሲንቄ ሲኒ ከመደርደሪያው አወረደች፣ ድንቅቱ ፊት ቆመች።

«ስሚኝ ብቻ! ቲቸር ኤጄታ የበሬ ልብ ከሥጋ ቤት ይዞልን መጣ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ሁለት ቦታ ሰነጠቀው። አበበች ልትወድቅ ነበር! እና ልብ አንዴ ጭምቅ ስትል የምታወጣው ደም ስንት ነው? ይቺን ሲኒ ያህል! ሰባ ሚሊ! ትንሽ አይደለችም?»

«ትንሽ ናት።»

«ቆይ! በደቂቃ ሰባ ሁለት ጊዜ ትጨመቃለች። ሰባ በሰባ ሁለት ሲባዛ አምስት ሊትር! ያ ከቦኖ ስሸከመው ወገቤን የሚቆርጠኝ ጄሪካን አለ አይደል፣ ሃያ ሊትሩ? ልብ በአራት ደቂቃ ጢም ታደርገዋለች! ተኝተሽ! ሳትሰለፊ!»

ድንቅቱ ሳቀች፣ ስትስቅ አሳላት፣ ሳሉ እስኪያልፍ ሲንቄ ሲኒዋን ይዛ ጠበቀች።

«የኔስ?» አለች ድንቅቱ።

ሲንቄ እሱን ከክፍል በኋላ ቲቸሩን ለብቻው ጠይቃዋለች። የበሬውን ልብ በእስክሪብቶ እየጠቆመ ነው ያስረዳት። ላይኛው ክፍል ደሙን ይቀበላል፣ በበሩ አድርጎ ወደ ታችኛው ያወርዳል፣ ታችኛው ጨምቆ ለመላው አካል ይልካል። በሩ ሲጠብ ታችኛው ክፍል በቅጡ አይሞላም። ያልሞላ ደግሞ ምን ይሰጣል? ሲኒዋ ግማሽ ትሆናለች። ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባ ላይ ይተኛል፣ ማለክለክ እሱ ነው። ቲቸሩ ይህን «ግማሽ ሲኒ» ብሎ ደብተሯ ላይ በራሱ እጅ ጻፈላት።

«ኩላሊት ደግሞ ሞኝ ናት አለ» ብላ ቀጠለች ሲንቄ። «የሚደርሳት ደም ሲያንስባት ‹ወይኔ ድርቅ መጣ!› ትላለች፣ ልክ እንደ ሰባ ሰባቱ። ውሃውን አላሳልፍም፣ ጨዉን አልለቅም ትላለች። ጨው ደግሞ ውሃ ይጠራል። ለዚህ ነው ጨው የተከለከልሽው!»

«ኩላሊቴ ቀበሌ ሆናለች በይኛ» አለች ድንቅቱ። «ታከማቻለች እንጂ አታድልም።»

«ዝም በይ አንቺ!» አለች እናትየዋ ከጓዳ። «ግድግዳም ጆሮ አለው!»

ግን እሷም ጓዳ ውስጥ እየሳቀች ነበር። ያ ቀን በጣም ደስ የሚል ቀን ነበር። ሲንቄ እጇን የታጠበችው ማታ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አልጫ ሽሮ ያለ ጨው በልታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ቀን ይቻላል። ሳምንት ይቻላል። ወር ግን! ሲንቄና እናቷስ ውጭ አንድ ነገር ይቀምሳሉ፣ ሲንቄ የጓደኞቿን ቆሎ ትዘግናለች። ድንቅቱ ግን ያችው ናት።

«ሲንቄ፣ ይሄ እኮ ጭቃ ነው።»

«ብዪ እባክሽ፣ ሦስት ጉርሻ ብቻ።»

«ጭቃውን ሦስቴ ልጉረስ?»

በታኅሣሥ መግቢያ መብላቱን ተወችው። ክንዷ እንጨት አከለ፣ ቀሚሷ ዞረባት። እናትየዋ ደነገጠች። «በልቧ ስጠብቃት በረኃብ ልትሞትብኝ ነው!» አለች። ጎረቤታቸው እትዬ ሙሉወርቅ በጠርሙስ ጠበል ይዘው መጡ፣ ደግ ሴት ናቸው፣ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ። እናትየዋ በአክብሮት መለሰቻቸው። «እኛ በጸሎት ነው፣ እትዬ፣ ጠበል አንልም፣ ይቅር ይበሉን።» እትዬ ሙሉወርቅ ጠርሙሳቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው ሄዱ። ያ ጠርሙስ ንጹሕ የምንጭ ውሃ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረበትም። ይህን ሲንቄ ያሰበችው በኋላ ነው። ሁሉን ነገር በኋላ ነው ያሰበችው።

በዚያው ሳምንት ኦቦ ገቢሳ ከእጃጂ መጣ። የእናታቸው ታላቅ ወንድም ነው፣ ልጆቹ «ኤሱማ» ነው የሚሉት፣ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት። ኤሱማ ሲመጣ ቤቱ ይሞላል! ድምጹ ከአውቶቡስ ተራ ይሰማል ማለት ይቻላል። ያን ቀን ግን ደጃፉ ላይ ድንቅቱን አየና ድምጹ ጠፋ።

«ኢንታለ ኮ» አለ፣ ልጄ ማለቱ ነው። «ቦጋለች፣ ይቺን ልጅ ምን አደረጋችኋት? አጥንቷ እኮ ነው የቀረው!»

ከዚያ የያዘውን ጄሪካን መሀል ወለሉ ላይ ዱብ አደረገው። «ሆራ ነው። ራሴ ነኝ የቀዳሁት።»

ሆራ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከመሬት ሥር እየፈላ የሚወጣ፣ ምላስ የሚቆነጥጥ ውሃ ነው። ከብት ይወደዋል! ቀን ቆጥረው ነው የሚነዱት፣ ሽታው ሲደርሰው ከብቱ እረኛውን ጥሎ ነው የሚሮጠው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው ገቢሳ?» አለች እናትየዋ። «እኛ ጌታን የተቀበልን ሰዎች ነን። እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ አይገባም።»

«የምን እንዲህ ያለ! ደጋሚ የለበት፣ ጠንቋይ የለበት፣ ውሃ ነው! የምን ጌታ ነው ሆራን የከለከለው? እሱ አይደለም የፈጠረው?» ኤሱማ ተቀመጠ። «ዳለቻ ላሜ ወተቷ ሲጎድል ወዴት ነው የምነዳት? ወደ ሐኪም? ሆራ አጠጣታለሁ፣ በሳምንቱ ጡቷ ይወጠራል። ወተት ያበዛ ደም አያበዛም? ሆራ የለመደ ከብት እኮ አሞሌ ብታሳይው ዞር ብሎ አያይሽም!»

«እሺ፣ ታዲያ እኔ ዳለቻ ነኝ?» አለች ድንቅቱ።

«አንቺ ከዳለቻ በምን ትበልጫለሽ? እሷ ትበላለች!»

ሁሉም ሳቁ። ኤሱማ በኩባያ ቀዳላት፣ ተጎነጨች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ እንደገና ተጎነጨች። «ጣዕም አለው» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ «ጣዕም» የሚል ቃል ከአፏ ወጣ!

ሲንቄ ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣላት። የራሷ ሐሳብ ነው፣ ማንም አላላትም። ለምን ሽሮውን በሆራው አልሠራውም? ብድግ አለች፣ ድስት ጣደች፣ በሆራው በጠበጠችው፣ ቀመሰችው፣ ወይ ጉድ! ሽሮ ሆነ! እውነተኛ ሽሮ!

እናትየዋ ቀምሳ ዐይኗን አፈጠጠችባት። «ጨው አድርገሽበታል።»

«በእግዚአብሔር ስም እማዬ፣ ጨው ከየት አመጣለሁ?»

«አትማዪ!»

«ቁልፉ እኮ አንገትሽ ላይ ነው!»

እውነትም አንገቷ ላይ ነበር። ድንቅቱ ያን ቀን ሁለት ሳህን በላች። እናትየዋ ጓዳ ገብታ ተንበርክካ አመሰገነች። ኤሱማም ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አንድ ጄሪካን ከእጃጂ በሚመጣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እያስጫነ መላክ ጀመረ። ለመጠጥም እሱ፣ ለወጥም እሱ።

ጋሽ ብዙነህ ቢኖር ምን ይል ነበር? አልነበረማ! የክትባት ዘመቻ ተብሎ ወደ ካቺሲ ተላከ፣ አስራ አምስት ቀን ብለው ወስደው ሰባት ሳምንት አስቀሩት። ሚዛኑ ያለበት ክፍል ተቆልፏል፣ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ካቺሲ ነው። ሲንቄ ሁለት አርብ ድንቅቱን ደግፋ ወስዳ ከተቆለፈው በር ተመለሰች። ሦስተኛው አርብ ላይ ቀረች። ደግሞስ ሚዛን ምን ያደርጋል? በዐይን እየታየ!

ምክንያቱም ድንቅቱ ወፈረች! ጉንጯ ሞላ፣ ክንዷ ሞላ፣ ቀሚሷ ልክ መጣላት። አንድ ጠዋት ጫማዋ እምቢ አላት።

«ሲንቄ፣ ጫማዬ ጠበበኝ።»

«ወፍረሽ ነዋ! እግርሽን እይው እስቲ፣ የባለጸጋ ሚስት እግር!»

ጎረቤት እየገባ «እሰይ! ሥጋ ለበሰች!» አለ። እትዬ ሙሉወርቅ ሳይቀሩ «የእናንተም ጸሎት ይሰማል ለካ» አሉ። እናትየዋ ቢሮ ውስጥ ለሁሉም አወራች። ድንቅቱ ብቻ ናት ብዙ የማታወራው። መጀመሪያ በአንድ ትራስ ነበር የምትተኛው፣ ከዚያ በሁለት፣ ከዚያ በሦስት። ሲንቄ ትጠይቃታለች፣ «ተደግፌ ይሻለኛል» ትላታለች፣ ሲንቄም የራሷን ትራስ ትጨምርላታለች። ደስ እያላት!

ጥር ሲገባ ሲንቄ የደም ምት መቁጠር ክፍል ውስጥ ተማረች። ሮጣ መጥታ የድንቅቱን አንጓ ያዘች፣ የእናቷን ሰዓት እያየች ቆጠረች። መቶ አስራ ሁለት! የራሷ ሰባ ስድስት ናት። ደብተሯን ገልጣ ሰባን በመቶ አስራ ሁለት አባዛች፣ ጮኸች።

«ሰባት ሺህ ስምንት መቶ አርባ! ድንቄ፣ ስምንት ሊትር ሊሞላ ምንም አልቀረው! ከሁላችንም በለጥሽ!»

ድንቅቱ አፏን ከፍታ ተነፈሰች። «ታዲያ… ለምን… እንዲህ ደከመኝ?»

«ልብሽ እየሠራች ነዋ! የሠራ አይደክመውም?»

«ግማሽ ሲኒ» የሚለው የቲቸር ኤጄታ ጽሑፍ በዚያው ደብተር፣ ጥቂት ገጾች ወደ ኋላ ነበር። ሲንቄ ገጹን አልገለጠችም። ምን ያስገልጣታል? ሒሳቡ ወጥቶላታል።

ጥር አስራ ስምንት ቀን ሦስቱም አዲስ አበባ ገቡ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አስራ አራት ልጆች ከነቤተሰቦቻቸው ተደርድረዋል። አጠገባቸው ከወሊሶ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች፣ ጭራሮ ናት፣ አንገቷ ላይ ጅማቷ ይቆጠራል። ሲንቄ ወደ ድንቅቱ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ይቺንስ አይወስዷትም። አጥንት ብቻ ናት። አንቺ ነሽ የምታልፊው።»

«አፍሽን… ያዢ» አለች ድንቅቱ።

ተጠሩና ገቡ። ሁለት ፈረንጆች ጠረጴዛው ጋ ቆመዋል፣ አንድ ረጅም የኛው ዶክተር ድንቅቱን አስቀመጣት። አዳመጣት። አንገቷን አየ። ከዚያ አውራ ጣቱን ቅልጥሟ ላይ ጫን አደረገና ቆየ። ሲያነሳው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፣ ሊጥ ላይ ጣት እንደተጫነ። ሁሉም ያን ጉድጓድ አዩት። አልሞላም።

«ጨው ትበላለች?»

«ጨው?» አለች እናትየዋ፣ ቁልፉን ከአንገቷ ጎትታ አወጣችው። «ከኅዳር ጀምሮ አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም! ቢሮዬ ቆልፌበት ነው ያለው!»

«ዶክተር፣ በጣም ተሽሏታል እኮ!» አለች ሲንቄ። አላስቻላትም፣ ደብተሯን አወጣች። «ወፍራለች። ልቧም ስምንት ሊትር ልትደርስ ነው፣ ይኸው!»

ዶክተሩ ደብተሩን ተቀብሎ አየ። ቢስቅባት ይሻላት ነበር። አልሳቀም። እስክሪብቶውን አወጣ፣ ሰባውን ሰረዘ፣ በላዩ ሠላሳ ብሎ ጻፈ።

«ይህም ከሞላ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በሯ ጠባብ ነው፣ እህቴ። ልብ በፈጠነች ቁጥር ደግሞ ለመሙላት ጊዜ ታጣለች። የምትሮጠው ስለጎደላት ነው እንጂ ስለተረፋት አይደለም። አባዢው።»

ሲንቄ አባዛችው። ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ።

«ሦስት ሊትር ተኩል አይሞላም» አለ ዶክተሩ። «በዚህ ነው ጭንቅላቷም፣ እግሯም፣ ኩላሊቷም የሚኖረው። ለመሆኑ ምን ትጠጣለች?»

«ሆራ» አለች ሲንቄ። «ኤሱማ ከእጃጂ ይልክልናል። ሽሮውንም በሱ ነው የምሠራው።»

«ሆራ፣ የከብቱ?»

«አዎ።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «ከብቶቹ ለምን የሚሮጡለት ይመስላችኋል?»

እናትየዋ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ሲንቄ አየቻት። «አሞሌ ብታሳይው…» አለች በሹክሹክታ፣ «ዞር ብሎ አያይሽም…» ከዚያ ቁልፉን በሁለት እጇ ጨብጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ያ ውሃ ድንጋዩን እያሟሟ ነው የሚመጣው» አለ ዶክተሩ። «የሚቆነጥጠው ጋዝ ነው፣ የሚጣፍጠው ጨዉ ነው። እስከ ዛሬ ጨው ስትጠጣ ነበር። ይሄ ውፍረት አይደለም፣ ውሃ ነው። አሁን በጀርባዋ አስተኝተን ብናደነዝዛት ሳንባዋ ይሰምጣል፣ አትነሳም። ሦስት ሳምንት ቢኖረን እናደርቃት ነበር።»

«ይኑረን!» አለች ሲንቄ። «ሦስት ሳምንት እንጠብቃለን!»

«እንግዶቹ በስምንት ቀናቸው ይሄዳሉ።»

«በሚቀጥለው ዓመትስ?»

ዶክተሩ ወደ ፈረንጆቹ አየ፣ ወደ ድንቅቱ አየ። «ከመጡ» አለ።

ሲወጡ ያቺን የወሊሶ ጭራሮ ስሟን ሲጠሩት ሰሙ። አጥንቷ ደረቅ ነበር። አለፈች።

አውቶቡስ ውስጥ ድንቅቱ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፣ እናትየዋ ከፊታቸው። ሆለታን እንዳለፉ እናትየዋ ሳትዞር ተናገረች፦ «ገቢሳ ይህን እንዳይሰማ። ከሰማ ራሱን ይገድላል። አንዳችሁም አፋችሁ እንዳይከፈት፣ ሰምታችኋል?»

«እሺ» አለች ሲንቄ። ከዚያ ይቅርታ ልትል ወደ እህቷ ዞረች።

ድንቅቱ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ነበር። «ሲንቄ» አለች።

«ወዬ።»

«ያ ሽሮ ግን… ይጣፍጥ ነበር።»

ብትረግማት ይሻል ነበር። ብትመታት ይሻል ነበር።

ቤት እንደገቡ ሲንቄ የተረፈውን ሆራ ጓሮ ደፋችው። የሽሮው ድስት ጠርዝ ላይ፣ ውሃው እየፈላ በደረቀበት፣ ነጭ ቅርፊት ክብ ሠርቶ ተጋግሯል። ከወር በላይ በየቀኑ እየፈተገች ስታጥበው የኖረች ቅርፊት ናት። በጥፍሯ ፋቀችና ላሰችው። ጨው።

ጋሽ ብዙነህ ከካቺሲ የተመለሰው በሳምንቱ ነው። ድንቅቱን ሚዛን ላይ አወጣት፣ ከኅዳሩ ጋር አስተያየው፣ ዘጠኝ ኪሎ ይበልጣል። ኪኒኗን ከእጥፍ በላይ አደረገው። ድንቅቱ ሌሊትና ቀን ሸናች፣ እግሯ ጎደለ፣ ጉንጯ ጎደለ፣ ልክ በሦስት ሳምንት ደረቀች። ዶክተሩ እንዳለው። ደርቃ፣ አምራ፣ ለዚያ ጣት ተዘጋጅታ ጨረሰች። ጣቱ ግን አገሩ ገብቷል።

ቲቸር ኤጄታ በመጋቢት ፈተና ሰጠ። «የልብ ምት ሲጨምር በደቂቃ የሚረጨው ደም ሁልጊዜ ይጨምራልን? አብራሩ» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ሲንቄ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች። ሙሉ ማርክ አገኘች፣ ቲቸሩም በክፍሉ ፊት አነበበላት፣ ተሬፋ ከኋላ አጨበጨበ። ወረቀቱን ቤት አልወሰደችውም። ቀድዳ ድልድዩ ላይ ወንዝ ውስጥ ጣለችው።

ድንቅቱ በሚያዝያ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሲንቄ ጸጉሯን እየሠራችላት ሞተች። አንድ ጎን ተሠርቷል፣ አንዱ ጎን አልተሠራም። «ቀስ» አለች፣ ሲንቄ «ጎተትኩሽ እንዴ?» አለች፣ መልስ የለም። ወዲያው አንጓዋን ያዘች፣ የእናቷን ሰዓት አየች። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። የሚቆጠር ግን አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ ኤሱማ ከሰልስቱ ጸሎት በኋላ ተነስቶ ቆመ። በአንድ ወር ያረጀ ይመስላል። ድምጹ ተሰብሯል።

«አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል» አለ። «ልጄ ተርባ አልሞተችብኝም። በታኅሣሥ መግቢያ አጥንት ሆና አይቻት ነበር፣ ከዚያ ግን በላች። ያቺን ሆራ ልኬ ነበር፣ ይቺ ልጅ ደግሞ ሽሮ ሠርታላት…» ወደ ሲንቄ መጣ፣ ትልልቅ እጆቹ ውስጥ ሁለት እጇን ከተታቸው። «በመጨረሻ እንኳ ጠግባለች፣ ወፍራም አይተናታል። አንቺ ነሽ ያጎረስሻት። እጅሽ ይባረክ፣ ኢንታለ ኮ።»

ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ ሲንቄን እያየ አንገቱን ነቀነቀ። እትዬ ሙሉወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

ሲንቄ በኤሱማ ትከሻ ላይ አሻግራ እናቷን አየች። እናቷም እያየቻት ነበር። ቁልፉ አሁንም አንገቷ ላይ አለ፣ ማውለቁን ረስታዋለች። ምንም ምልክት አልሰጠቻትም። ጠበቀች ብቻ።

ሰው ሲመርቅ የሚባል ነገር አለ፣ ሳይባል አይቀርም። ኤሱማ እጇን ይዞ ይጠብቃል፣ ቤቱ ይጠብቃል።

«አሜን» አለች ሲንቄ።